«ሲኦሲ አልፈዋል፣ ሞተር ሲቆም ግን ኮንታክተር መቀየር ብቻ ነው»

ደብዳቤው (ትንሽ አሳጥረነዋል)

ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ዱከም አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሜንቴናንስ ፎርማን ነኝ። ማሽኖቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም የቻይና ናቸው። ነባሩ ኤሌክትሪሽያናችን ዱባይ ሥራ አግኝቶ በቅርቡ ሊሄድ ነው፣ በሱ ፈንታ አራት ልጆች ተቀጠሩልኝ። ሁለቱ ከቴክኒክና ሙያ ሌቭል 4 ጨርሰው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና) ያለፉ ናቸው፣ አንዷ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ዲግሪ አላት፣ አራተኛው የኤክስትሩደር (ፕላስቲኩን አቅልጦ ቧንቧ የሚያወጣው ማሽን) ኦፕሬተር የነበረ ወረቀት የሌለው ግን እጁ የተፍታታ ልጅ ነው። ማናጀሩ «በሦስት ወር ብቁ አድርጋቸው» ብሎኛል። የኦም ሕግ ብትጠይቃቸው ያንበለብሉልሃል፣ ሞተር ሲቆም ግን ኮንታክተሩንም (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ስዊች) ኦቨርሎዱንም (ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲጎትት የሚቆርጠውን) ታይመሩንም ፈትተው ይቀይራሉ፣ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም፣ ሲነሳም ለምን እንደተነሳ አያውቁም። ባለፈው አንዱን ኮረንቲ ይዞት ነበር፣ እግዜር አተረፈው። ኢንጂነሯን ደግሞ ወንዶቹ መሣሪያ አያስነኳትም፣ አንቺ ሪፖርት ጻፊ ነው የሚሏት። ማናጀሩ ፒኤልሲ (ማሽኑን በፕሮግራም የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ኮርስ እንላካቸው እያለ ነው። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ወርክሾፕ የለኝም፣ በጀትም የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ

ሰላም ወንድሜ፣ ኮረንቲ ስለያዘው ልጅ በአንድ መስመር አልፈኸዋል፣ እኔ ግን ከሱ ነው የምጀምረው፣ ሌላው ሁሉ ኋላ ይደርሳል። እንዴት እንደያዘው አልነገርከኝም፣ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት አይወጣም፤ ወይ ብሬከሩን አጥፍቶ ጠፍቷል ብሎ ሳይለካ ገባ፣ ወይ እሱ አጥፍቶ ሌላ ሰው መጥቶ አበራበት፣ ወይ ደግሞ መብራት ሄዷል ብሎ እጁን ከተተ። ሦስተኛው እኛ ሀገር ባሰ። መብራት ሲሄድ ሰው ዘና ይላል፣ በቃ ሁሉም ሞቷል ብሎ «እስከዛ ይቺን ላጥብቃት» ይልና ፓኔል ይከፍታል፣ ከዛ ጀነሬተሩ በአውቶማቲክ ቼንጅኦቨር በሰከንዶች ውስጥ ይነሳና ያንኑ 380 ቮልት ይዞ ከተፍ ይላል። ስለዚህ አራቱም መጀመሪያ ሊገባቸው የሚገባው መብራት መሄዱና መስመሩ መዘጋቱ ጭራሽ የማይገናኙ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጓጉንቸር ግዛላቸው። ቁልፉ ገቢው ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ፎርማኑ ጋም አይቀመጥም፣ አንተ ጋም ማለቴ ነው። አብዛኛው ማሽን ላይ በዋናው ማብሪያ እጀታ ላይ ለጓጉንቸር የተተወ ቀዳዳ አለ፣ ሰው ልብ አይለውም እንጂ፣ ሂድና እየው። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ጓጉንቸር ይገባል፣ ስምና ስልክ ያለበት ካርድም ይንጠልጠል። ማናጀሩ ለጓጉንቸር ብር የለም ካለህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን (1156/2011) አሳየው፣ የሥራ ላይ መከላከያ ማቅረብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው፣ የፎርማን ችሮታ አይደለም።

ከቆለፉ በኋላ ይለካሉ፣ አለካኩ ደግሞ ሥርዓት አለው። ሜትሩን መጀመሪያ መብራት እንዳለበት በምታውቀው ቦታ ትሞክረዋለህ፣ ከዛ የዘጋኸውን መስመር ትለካለህ፣ ከዛ ተመልሰህ መብራት ያለበት ላይ ድጋሚ ትሞክረዋለህ። ሦስተኛዋን ሁሉም ይዘላታል። ገመዱ ውስጥ ውስጡን የተበጠሰ ሜትር የሚያሳይህ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ሁሉም ማየት የሚፈልገው ቁጥር ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይም (ፌዝ ኃይል የሚመጣበት ሽቦ ነው፣ ኒውትራል መመለሻው፣ ግራውንድ የመሬቱ) አንዱን ነክቶ ዘወር ማለት የለም፣ ፌዝ ከፌዝ 3፣ ፌዝ ከኒውትራል 3፣ ፌዝ ከግራውንድ 3፣ ኒውትራል ከግራውንድ 1፣ ጠቅላላ 10 ልኬት ነው። አሰልቺ ነው አዎ። ያቺ ኪሳቸው ላይ የሚሰኳት አምፖል ያላት ካቻቢቴ ቴስተር ደግሞ «መብራት የለም» ለማለት አትሆንም፣ የምትበራው በራስህ ሰውነት በኩል ወደ መሬት በሚያልፍ ትንሽ ከረንት ስለሆነ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ሆነህ ወይ ወፍራም የጎማ ጫማ አድርገህ ላትበራ ትችላለች፣ መስመሩ ግን ሕይወት አለው።

ማሽኖቹ የቻይና ናቸው ስላልክ አንድ ነገር ዛሬውኑ ንገራቸው። ልጆቹ ትምህርት ቤት አረንጓዴ ማለት ግራውንድ ነው ብለው ወጥተዋል። በቻይና አሠራር የሦስቱ ፌዝ ቀለም ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ነው፣ ግራውንዱ ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረው ነው፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ። ስለዚህ ድፍን አረንጓዴ ሽቦ ሁለተኛው ፌዝ ነው ማለት ነው! ግራውንድ መስሎት በባዶ እጁ የሚይዝ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስበው። ሌላ ማሽን ላይ ቡኒ ጥቁር ግራጫ ታገኛለህ፣ ድሮ የተዘረጋው መስመር ላይ ደግሞ ያገኙትን ቀለም ነው የጎተቱት። ቀለም ጥቆማ ነው፣ የሚታመነው ሜትሩ ነው። ሜትሩም ቢሆን ከመንገድ ዳር የተገዛ ሳይሆን ላዩ ላይ «ካት 3፣ 600 ቮልት» (የመከላከያ ደረጃው ነው) የሚል ይሁን፣ ቀዩ ገመድ የአምፔር ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ቮልቴጅ መለካት ማለት ፌዝን ከፌዝ በሽቦ ማገናኘት ማለት ነው፣ ለአምፔር ክላምፕ ሜትር ግዛና ያንን ቀዳዳ በናስትሮ ድፈነው በቃ። ኢንቨርተሮቹ (የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠሩት) ጋ ስትደርሱ ደግሞ መብራቱን አጥፍቶ ወዲያው መክፈት የለም፣ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከ500 ቮልት በላይ ዲሲ ይዘው ይቆያሉ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቃችሁ በዲሲ ለክታችሁ ነው የምትገቡት።

እሺ አሁን ወደ ሥልጠናው። ወርክሾፕ የለኝም ላልከው፣ የተጣለ ፓኔል በር አለህ አይደል? ካጣህ አንድ ጣውላ ይበቃል። የተቀየሩ ኮንታክተሮች ስቶር ውስጥ ተቆልለው እንደሚገኙ እርግጠኛ ነኝ፣ ያ ሁሉ ሲቀየር የነበረው የት ይሄዳል፣ ግማሹም ደህና ሆኖ ነው የተጣለው። ሦስት ኮንታክተር፣ አንድ ኦቨርሎድ፣ አንድ ታይመር፣ ስታርትና ስቶፕ በተን፣ ሁለት ሦስት የምልክት መብራት፣ አንድ ትንሽ ሞተር። የጎደለህን ምን አለሽ ተራ ወርደህ ታሟላለህ። አንድ ነገር ላይ ግን ብር አውጣ፤ ኮንትሮሉን (ኮንታክተሩን የሚያዘውን መስመር) በ24 ቮልት አድርገው፣ ትንሽ ትራንስፎርመርና ባለ 24 ቮልት ኮይሎች (ኮንታክተሩን ስበው የሚያነሱት ጥቅሎች) ማለት ነው። ለምን መሰለህ፣ ብልሽት ፍለጋ የሚለመደው መብራት እያለ በመለካት ነው፣ ጀማሪን ደግሞ 220 ላይ አታለማምድም። ሞተር የሚሄደውን ክፍል 30 ሚሊአምፔር በሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ስር አድርገው፣ እሱን የምታበራው አንተ ራስህ ቆመህ ብቻ ነው።

አብዛኛው አሠልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ልጆቹን ስታር ዴልታ (ስታርና ዴልታ የሞተር ጥቅሎች የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፣ ሞተሩ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ ይቀየራል) ግጠሙ ይላቸዋል፣ ይገጥማሉ፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ይጨበጨባል። ትምህርት ቤትም ያደረጉት ይሄንኑ ነው እኮ፣ ሲኦሲም ያለፉት በሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን አዲስ ፓኔል የሚገጥሙት በስንት ጊዜ አንዴ ነው፣ የቀን ተቀን ሥራቸው ትናንት ሲሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ለምን እንደቆመ ማግኘት ነው፣ ይሄን ደግሞ ማንም አላስተማራቸውም። ስለዚህ አንዴ ገጥመው ከጨረሱ በኋላ ሰሌዳው የብልሽት ሰሌዳ ይሁን፣ አንተ ትደብቃለህ እነሱ ይፈልጋሉ። እንደውም ነባሩ ሰውዬ ከመሄዱ በፊት ደባቂው እሱ ይሁን! እነዛ ማሽኖች በዓመት ውስጥ ምን ምን እንደሚያማቸው ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ቁጭ ብለህ አስተምር ብትለው ግራ ይገባዋል፣ «ያስቸገረህን ሁሉ እዚህ ሰሌዳ ላይ ቅበርልኝ» ብትለው ግን ደስ ብሎት ነው የሚያደርገው።

ሕጉ አንድ ነው፣ እሱ ላይ ድርቅ በል። የሜትሩ ጫፍ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ልጁ ስንት ቮልት እንደሚጠብቅ ጮክ ብሎ ይናገራል። «እዚህ 24 እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም ስቶፑ ዝግ ነው» ብሎ ነው የሚነካው። ቁጥር ካልጠራ አይለካም፣ ሜትሩን ትቀበለዋለህ። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ ሲሳሳቱ ይናደዳሉ። ግን ሳይጠብቅ የሚለካ ሰው ለሚያነበው ቁጥር ትርጉም የለውም፣ 24 ቢያይ እሺ ነው 0 ቢያይ እሺ ነው፣ ለዛ ነው መጨረሻ ላይ ኮንታክተር የሚቀይረው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ከኮይሉ ኤ2 (ኤ1 እና ኤ2 የኮይሉ ሁለት ጫፎች ናቸው) ወደ 0 ቮልት መስመር የምትሄደዋን ሽቦ ከሞርሴቶው (ከሽቦ ማሰሪያው) ላይ ሳትነቅል ብቻ አላላት፣ ፕላስቲኩ እንዲነክስና መዳቡ እንዳይነካ አድርገህ። ስታርት ይጫናል፣ ኮንታክተሩ ዝም። ልጁ ኤ1ን ከ0 መስመር ጋር ይለካል፣ 24 አለ። ኤ2ን ከ0 መስመር ጋር ይለካል፣ እሱም 24! እዚህ ጋ ነው ፊታቸው የሚቀያየረው፣ «በሁለቱም በኩል መብራት ደርሷል፣ አልነሳም፣ ኮይሉ ተቃጥሏል» ይልህና ካቻቢቴውን ያነሳል። ዝም በለውና «ኤ2 ላይ ስንት ነበር መሆን የነበረበት?» ብለህ ጠይቀው። ዜሮ ነበር። ታዲያ 24ቱ እንዴት ደረሰ? በኮይሉ ውስጥ አልፎ ነዋ፣ ኮይሉ ደህና ስለሆነ ነው እንጂ ተቃጥሎ ቢሆን አይደርስም ነበር፣ መመለሻው ስለተቆረጠ ነው እዛ ተንጠልጥሎ የቀረው። አሁን ኤ1ን ከኤ2 ለካ በለው፣ ዜሮ ያገኛል። ይቺን በራሱ አንደበት ያስረዳህ ልጅ ከዛ ወዲያ ደህና ኮይል አይጥልም።

ሌላ፤ በተኑ ሲለቀቅ ኮንታክተሩን ይዛ የምታቆየዋ ኮንታክት (13 እና 14) መሀል ቀጭን ግልጽ ፕላስተር ክተትባት። በተኑን እስከተጫኑ ድረስ ይሠራል፣ ሲለቁ ይቆማል። ሁሌ በተኑን ነው የሚጠረጥሩት። የኦቨርሎዱን 95 እና 96 (ኮንትሮሉን የሚቆርጥበትን ኮንታክት) አላላ። የ24ቱን ኮይል አውጥተህ የ220 አስገባበት። ሽቦ ውስጥ ውስጡን ቆርጠህ ላስቲኩን ደህና አስመስለህ ተወው። ሰሌዳው ሲለመድ ደግሞ ብዙ ኮንታክት በተከታታይ ደርድር፣ እንደ ማሽናችሁ የኢመርጀንሲና የበር ስዊቾች ሰንሰለት፣ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ የሚለካውን አስቁመውና ከመሀል እንዲጀምር አድርገው፣ መሀል ላይ መብራት ካለ የመጀመሪያው ግማሽ ንጹህ ነው፣ ከሌለ ሁለተኛውን ግማሽ ለጊዜው እርሳው። ስምንት ስዊች በሦስት ልኬት ያልቃል። ሌሊት ላይ መስመር ቆሞ ኦፕሬተር ጆሮህ ስር ሲጮህብህ ይሄ ነው የሚያድንህ።

ዲጂታል ሜትር የሚያሳየውን ውሸትም አሳያቸው። የትም ያልተገናኘ ሽቦ ከሌሎች ጋር ረጅም መንገድ አብሮ ከሄደ 60 ወይ 90 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ አምፖል ብታገናኝበት ግን ጭራሽ አይበራም፣ ሜትሩ ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ነው የሚያነበው። እንዲሁም የሄደ ፊውዝ ላይ፣ ሞተሩ በሁለት ፌዝ እያጓራ እየዞረ ከሆነ ከፊውዙ በታችም ቮልቴጅ ታገኛለህ፣ መልሶ የሚሰጥህ ሞተሩ ራሱ ነው። ክላምፕ ሜትሩን ሦስቱም ላይ አዙር፣ ዜሮ አምፔር ያለበት እሱ ነው የጎደለው።

ሞተር ላይ ብዙ አታብዛባቸው፣ ሁለት ነገር ግን ሳይችሉ አንድም ሞተር እንዳይነኩ። አንደኛ የስም ሰሌዳው። 220/380 የሚል ሞተር በኛ 380 መስመር ላይ በስታር ብቻ ነው የሚታሰረው፣ በዴልታ ካሰርከው በ220 ሊሠራ የተጠቀለለው ሽቦ 380 ይወርድበታል፣ ማቃጠል ነው። 380/660 የሚለው ነው በዴልታ የሚሄደው፣ ስታር ዴልታ ስታርተርም የሚሆነው ለሱ ነው። የቻይና ሞተሮች እስከ 3 ኪሎዋት ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በስታር፣ ከ4 ጀምሮ በዴልታ የሚታሰሩ ናቸው፣ ግን ሰሌዳው ሳይነበብ አይገመትም። ሁለተኛ፣ የስድስቱን ጫፎች ምልክት ነቅለህ ከየትኛው ጥቅል የትኛው ጫፍ እንደሆነ በሜትር አጣምረው እንዲያገኙ አድርግ። በነገራችን ላይ ስታር ዴልታ ሰሌዳው ላይ ሲሠሩ ኢንተርሎኩን ማለትም አንዱ ሲነሳ ሌላው እንዳይነሳ የሚከለክሉትን ዝግ ኮንታክቶች ለምን እንደሚያስፈልጉ በደንብ ያስረዱህ፣ የስታሩና የዴልታው ኮንታክተር አብረው ከተነሱ ፌዝ ከፌዝ ነው የሚገናኘው፣ እዛ ላይ ጥቁር የሆነ ፓኔል ፎቶ ካለህ አሳያቸው። እና እባክህ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቀውን ተርሚናል) በፒንሳ የሚጨፈልቅ ሰው አይኑርህ፣ መጭመቂያው ራሱን የቻለ መሣሪያ አለው፣ ሂተሮቻችሁ ላይ ግማሹ የሚቃጠል ተርሚናል ከላላ እስር የሚመጣ እንደሆነ ከፍተህ ብታይ ትደርስበታለህ።

ሰዎቹን በተመለከተ፣ ኢንጂነሯን ከኦፕሬተሩ ልጅ ጋር አጣምራት። እሷ ድሮዊንግ ታነባለች፣ እሱ ማሽኑ ሲታመም በድምፁ ያውቃል፣ እሷ ሽቦ ማሰር አልለመደችም፣ እሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለችው ምልክት ኮይል ትሁን መብራት አይለይም። ተራ አውጣላቸው፣ ሜትሩ ተረኛው እጅ ላይ ነው፣ የቀሩት እጃቸውን ኪሳቸው ይክተቱ፣ አንተም ጭምር። ወንዶቹ «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብለው ካቻቢቴውን ከእጇ ሊወስዱ ሲሉ ዝም ብለህ ካየህ በቃ አበቃ፣ ሦስት ወሩ ሲያልቅ እሷ የጸሐፊ ሥራ ላይ ናት። ሪፖርቱንም በተራ ይጻፉት፣ ምን ምልክት ታየ፣ ምን ተጠበቀ፣ ምን ተለካ፣ ምን ተገኘ፣ አራት መስመር ይበቃል፣ ሌቭል 4ቶቹም ቢሆኑ እዛ ላይ ነው የሚንተባተቡት። ለኦፕሬተሩ ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ሲኦሲ ተመዝግቦ እንዲፈተን ጊዜ ስጠው፣ ያለ ወረቀት ደሞዙ አያድግም፣ ካላደገ ደግሞ ዱባይ እሱንም ይወስድብሃል።

ሰዓቱን ከየት አመጣለሁ እንዳትለኝ። ሽፍት ሲቀያየር አንድ ሰዓት አለ፣ ማሽን ለጽዳት ሲቆም አለ፣ እሁድም የምትገቡ ከሆነ ኦቨርታይም ይከፈላቸው። የመጀመሪያው ወር ሰሌዳው ላይ ብቻ ይሁኑ። ከዛ ቀስ እያልክ እውነተኛ ማሽን ላይ አስገባቸው፣ ግን ተቆልፎ፣ ለክተው፣ አንተ ኋላ ቆመህ። መጨረሻው ወር ላይ ጥሪ ሲመጣ እነሱ ቀድመው ይሂዱ፣ አንተ ዘግይተህ ድረስ፣ ስትደርስም «ምን ለካችሁ?» እንጂ «ዞር በሉ» አትበል። ለኛ ለነባሮቹ ከባዱ ይሄ ነው፣ እጃችን ይበላናል።

ፒኤልሲውን ማናጀሩ ሲያነሳብህ አትጣላው፣ ይቆየን በለው። ፒኤልሲ ራሱ እምብዛም አይበላሽም፣ የሚበላሸው ዙሪያውን ያለው ነው፣ ሊሚት ስዊቹ፣ ሴንሰሩ፣ የላላው ሽቦ። ለጊዜው ልጆቹ ፒኤልሲው ፊት ላይ ያሉትን የኢንፑት መብራቶች ማየት ይልመዱ፣ ሴንሰሩ ፊት ብረት አድርጎ መብራቷ ካልበራች ችግሩ ውጪ ነው፣ መብራቷ በርታ ማሽኑ ካልተነሳ ግን ሌላ ወሬ ነው። ኮርስ የምትልከው ሰሌዳው ላይ ቀድሞ የበረታውን አንድ ሰው ነው፣ አራቱንም አይደለም። ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ፓኔሎቹን ከፍተህ የማን ፒኤልሲ እንደሆነ እይ፣ ኮርሱ በሲመንስ ሆኖ ማሽናችሁ ላይ ያለው ሚትሱቢሺ ወይ ዴልታ (ብራንዱን ማለቴ ነው) ከሆነ ሶፍትዌሩ ሌላ ነው፣ ገመዱም ሌላ ነው። ነባሩ ሰውዬም ሻንጣውን ሳይዘጋ በፊት የፕሮግራሞቹን ባክአፕና ፓስወርድ ላፕቶፑ ላይ ካለው ተቀበለው፣ ይሄ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም።